ዓሣ ውሃ ይጠማዋል?

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል የምታስተምር ታላቅ እህት እና የዓሣ ሀብት ባለሙያ የሆነ ታናሽ ወንድሟ።

እህት፦ ክፍሌ መጥተህ ስለ ባሕር እንስሳት እንድታስተምርልኝ ለምኜህ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እንድታስተምር አይደለም የምፈልገው፤ መጥተህ እንድትጠየቅልኝ ነው።

ወንድም፦ ምን ለውጥ አለው እትዬ? እኔ ሥዕሎቹን ሁሉ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። አከርካሪ ያላቸው፣ አከርካሪ የሌላቸው፤ ቀጥሎ ዓሦች፣ ቀጥሎ አጥቢዎች እያልኩ በቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

እህት፦ እሱን እኮ ነው የፈራሁት። ልጆቹ የሰባትና የስምንት ዓመት ናቸው። አንዱ ልጅ አባቱ ስልክ ላይ ኦክቶፐስ በጠባብ ጠርሙስ አፍ ተጣጥፎ ሲገባ አይቶ ለጓደኞቹ አወራ፤ በማግስቱ ክፍሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ቲቸር፣ አጥንት የለውም እንዴ?» «ቲቸር፣ እናት አለው?» «ቲቸር፣ ማታ የት ነው የሚተኛው?» ከዚያ ወዲህ የሚጠይቁኝን ሁሉ በአንድ ደብተር እጽፋለሁ። እስካሁን አንድም ልጅ በየትኛው ምድብ እንደሚመደብ አልጠየቀኝም።

ወንድም፦ ምድብ ግን የዕውቀት መሠረት ነው። ያለ እሱ ሁሉም ነገር ተረት ሆኖ ይቀራል።

እህት፦ ለአንተ መሠረት ነው፤ ብዙ አይተሃልና። ገና አንድም ያላየ ልጅ ምኑን ከምኑ ይለያል? አስቀድሞ አንድ ነገር እጁ ላይ ይግባ። ያገላብጠው፣ ያሽተተው፣ ይገረም። መለየቱ ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል።

ወንድም፦ ችግሩ እሱ ላይ ነው። የምጽዋ ወይም የጅቡቲ ልጅ ውሃው ሲሸሽ ወርዶ ሸርጣን ያሯሩጣል። የአዲስ አበባ ልጅ እጁ ላይ ምን ይገባለታል?

እህት፦ አንድ ወላጅም ይህንኑ ነው ያሉኝ። «ባሕር ሳይኖረን የባሕር አውሬ ምን ይሠራላቸዋል?» አሉኝ። የባሕር በር ነገር የአዋቂ ጉዳይ ነው፤ ልጆቹ ሲጠይቁ ወደብ አስበው አይደለም። ስለ ጨረቃም ይጠይቁኛል፣ ጨረቃ ስለሌለን ተዉት ያላቸው የለም። ደግሞስ ባሕሩ ቤታችን አልደረሰም ያለው ማን ነው? የእማማን አገልግል ታስታውሳለህ?

ወንድም፦ ዳር ዳሩ በዛጎል የተጌጠው?

እህት፦ እሱን ይዤ ሄድኩ። ዛጎል ሲያዩ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ አገልግል ላይ ያውቁታል፣ የሐመር ሴቶች የቆዳ ልብስ ላይ በቴሌቪዥን አይተውታል። ሕይወት ያለው ነገር ቤት እንደነበረ ግን ማንም አልነገራቸውም። አንዷ ልጅ ስንጥቁን በጥፍሯ እየነካካች «ውስጡ የነበረው የት ሄደ?» አለችኝ።

ወንድም፦ ምን አልሻት?

እህት፦ «ምን የነበረ ይመስልሻል?» አልኳትና ሁሉንም ሥዕል አሣልኳቸው። አንዱ ትል አደረገው፣ ሌላው ጫጩት፣ እሷ ደግሞ ትንሽ ዓሣ አስተኛችበት። አሁን መልሱን ካንተ እፈልጋለሁ።

ወንድም፦ ቀንድ አውጣ ነው። በክረምት አጥር ላይ የሚያዩት ቀንድ አውጣ የባሕር ዘመድ። ሥጋው ለስላሳ ነው፤ በዚያ ጥርስ በሚመስለው ስንጥቅ ወጥቶ ይሄዳል። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ዛጎሉ ለምን እንደሚያብረቀርቅ ነው። እንስሳው በሕይወት ሳለ ከሥጋው ቀጭን ሽፋን አውጥቶ ዛጎሉን ከውጭ በኩል ያለብሰዋል። በዚያ ሽፋን ኖራውን እየደረበ ያለሰልሰዋል። ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ከውጭ የሚታየው ሥጋው እንጂ ዛጎሉ አይደለም።

እህት፦ ቤቱን ራሱ እያለበሰ ይሄዳል በለኛ! ይህን ሲሰሙ ሥዕላቸውን ሳልነግራቸው ያስተካክሉታል። አየህ፣ ቀድሞ የገመተ ልጅ መልሱን በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው። ሳይገምት የሰማ ግን ለፈተና ያስቀምጠዋል፣ ከፈተና በኋላ ይጥለዋል።

ወንድም፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ግምት ብቻውን ከተተወም ይበላሻል። ልጁ የገመተውን የሚፈትንበት ነገር ያስፈልገዋል። ፈተና ያልኩት ወረቀቱን አይደለም፤ ዓይኑ እያየ እውነት ወይም ሐሰት የሚሆንለትን ነገር ነው። እስቲ ደብተሩን አምጪው። ከሁሉ የከበደሽ የቱ ነው?

እህት፦ «ዓሣ ውሃ ይጠማዋል?» የሚለው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ የጠየቀው ልጅ አንገቱን ደፋ። ሊሳቅበት የሚገባ ጥያቄ ግን አልመሰለኝም።

ወንድም፦ በፍጹም አይሳቅበትም! እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው የተማርነው። መልሱ ዓሣው ከየት እንደመጣ ይለያያል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ቀይ ባሕር ሲሆን ወደ 40 ይጠጋል። በዓሣው ሰውነት ውስጥ ያለው ጨው ከዚህ በጣም ያንሳል። ጨው የበዛበት ወገን ውሃን ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ የባሕር ዓሣ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ውሃ ያልቅበታል፤ በተለይ በመተንፈሻው፣ በስንጥቡ በኩል እየሾለከ ይወጣበታል። ያን ለመተካት ሁልጊዜ ይጠጣል። የጠጣውን ጨው ደግሞ ማስወጣት አለበት፤ ስንጥቡ ላይ ጨውን እየገፉ የሚያስወጡ ልዩ ሕዋሳት አሉት።

እህት፦ የባቱ ሐይቅ ቆሮሶስ?

ወንድም፦ ተቃራኒው ነው። የሐይቁ ውሃ ከሰውነቱ ያነሰ ጨው ስላለው ውሃው ሳይጠራ ወደ ውስጡ ይገባበታል። እሱ መጠጣት እምብዛም አያስፈልገውም፤ ሥራው የገባበትን ማስወጣት ነው፤ ቀጭን ሽንት በብዛት ይሸናል። ጥማቱ እኛን እንደሚሰማን ዓይነት ስሜት ነው ወይ ካልሽኝ እሱ ሌላ ነገር ነው። መጠጣቱና አለመጠጣቱ ግን የተለካ ነው።

እህት፦ ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ በቃል ብነግረው ያምነኛል፤ ግን አይገባውም።

ወንድም፦ ድንች ግዢ። ስስ አድርገሽ ቁረጪና ግማሹን በንጹሕ ውሃ፣ ግማሹን ጨው በደንብ በሟሟበት ውሃ ንከሪ። ጠዋት ነክረው ከምሳ በኋላ በጣታቸው ያጥፉት። ከጨዉ የወጣው እንደ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል፣ ከንጹሑ የወጣው ቀጥ ብሎ ቀጭ ይላል። «የባሕር ዓሣ የትኛው ድንች ነው?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ።

እህት፦ ቲማቲም ሰላጣ ጨው ከነካው በኋላ ሲቆይ ውሃ የሚያጠራቅመውም በዚህ ነው ማለት ነው። ማታ ለእናቶቻቸው የሚነግሩት አገኙ። ጨዉን የሚበጠብጠው ያ አንገቱን የደፋው ልጅ ይሆናል፤ ወስኛለሁ።

ወንድም፦ ሌላስ ምን አለ?

እህት፦ «ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ለምን ይሞታል? አየር እኮ ውጭ ነው ያለው» የምትል አለች። ለዚህ እውነተኛ ዓሣ ልገዛ ነው፤ ቆሮሶ።

ወንድም፦ ስትገዢ የጉንጩን ክዳን ገልጠሽ ስንጥቡን እዪ። ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፤ ወደ ቡናማ ከሄደ ተዪው። ስንጥቡን ቀርበሽ ስታዪው እጅግ ስስ የሆኑ ቅጠሎች ድርድር ነው። ውሃ ውስጥ እያንዳንዱ ለየብቻው ይንሳፈፋል፤ ውሃው በመካከላቸው ሲያልፍ ኦክስጅኑን ያስቀራሉ። ከውሃ ሲወጣ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይተኛሉ፣ አየሩ የሚነካው ገጽ ያንሳል፣ ይደርቃልም። አየሩ ሞልቶ ዓሣው ይታፈናል። ይህንንም መፈተን ይቻላል፤ አንድ ነዶ ክር ቆርጠሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብትነክሪው ይበተናል፣ ስታወጪው አንድ ላይ ይለጠፋል።

እህት፦ አምባዛ ግን ገበያ ላይ ሰዓታት ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አንዱ ልጅ ይህን ማንሳቱ አይቀርም፤ አጎቱ ሐዋሳ ዓሣ አጥማጅ ናቸው።

ወንድም፦ ያንሳው! አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር በቀጥታ የሚተነፍስበት ሌላ አካል አለው። ውሃው ሲቀንስና ሲደፈርስ ወደ ላይ እየወጣ አየር ይስባል። ያ ልጅ ከእኔ ስላይድ የተሻለ ነገር ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

እህት፦ ይኸው መጣህልኝ። እናት አለው ወይ ለሚለውስ ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ በሁሉም እንስሳ ላይ ይመለሳል። ሻርክ እናት አለው? የባሕር ኮከብ እናት አለው?

ወንድም፦ ከቆሮሶው ጀምሪ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ነው የምትይዛቸው። ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ ለተወሰነ ጊዜ አፏ ውስጥ ይቆያሉ፤ መውጣት ሲጀምሩም አደጋ ከመጣ ተመልሰው ይገባሉ። በዚያ ሰሞን እሷ ከመብላት ትታቀባለች። ገበያ ላይ በሳህን ቀርቦ የምናየው ዓሣ ነው ይህን የሚያደርገው! ከዚያ ወደ ባሕር ተሻገሪ። የባሕር ፈረስ ሲሆን እንቁላሉን የሚሸከመው አባትየው ነው፤ ሆዱ ላይ ከረጢት አለው፣ ሴቷ እዚያ ታስቀምጣለች፣ የሚወልደው እሱ ነው።

እህት፦ በዚህ ወንዶቹ ልጆች ሳምንት ሙሉ ይከራከራሉ። ኦክቶፐሷስ?

ወንድም፦ የእሷን እንኳ ልንተወው እንችላለን። ይልቅስ ሦስት ልብ እንዳላት፣ ደሟ ሰማያዊ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ሁለቱ ልቦች ደምን ወደ ስንጥቦቿ ይገፋሉ፣ ሦስተኛው ለቀረው አካል። ደሟ ሰማያዊ የሆነው ኦክስጅን የሚሸከምላት መዳብ ያለበት ነገር ስለሆነ ነው፤ የኛ ብረት ነው።

እህት፦ ሦስት ልብ እንዳላት ሰምተዋል። አንዷ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «በየትኛው ልቧ ነው ልጆቿን የምትወደው?» ስለዚህ አንተወውም። ለምን ትተወዋለህ?

ወንድም፦ ስለምትሞት። እንቁላሎቿን ከድንጋይ ሥር አንጠልጥላ ሌት ተቀን ውሃ እየነፋችባቸው፣ እያጸዳቻቸው ትጠብቃለች። ምግብ ፍለጋ አትሄድም። ሲፈለፈሉ እሷ ታልቃለች። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ በ1,400 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አንዲት ኦክቶፐስ በተላኩ ካሜራዎች እየተጎበኘች ነበር። ተመራማሪዎቹ በተመለሱ ቁጥር እዚያው አለት ላይ፣ እዚያው እንቁላሎቿ ላይ አገኟት። 53 ወር፤ አራት ዓመት ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው። በመጨረሻ ሲመጡ እሷ የለችም፣ ባዶ የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ነበር። ይህን ለሕፃን እንዴት ትነግሪዋለሽ?

እህት፦ እንደነገርከኝ አድርጌ ነዋ። ልጆች ሞትን የማያውቁ ይመስልሃል? ክፍሌ ውስጥ እናት የሌላቸው ልጆች አሉ። በግ ሲታረድ ያላየ የለም። የሚጎዳቸው መዋሸታችን ነው፣ ወይም ጥያቄያቸውን ሰምተን እንዳልሰማን መሆናችን። ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ እንዲህ ያለ መልስ ይገባታል፤ ጣፋጭ ማር ለውሼ ብሰጣት አሳንሻት ነው። በእርግጥ መውደድ የምንለው ነገር ኦክቶፐስ ውስጥ ይኑር አይኑር አልነግራትም። ያደረገችውን እነግራታለሁ።

ወንድም፦ እሺ፣ ተረታሁ። እኔም በሥራዬ ይህን ታሪክ ስናገር ድምፄ ይለወጣል፤ ለአዋቂ ተፈቅዶ ለልጅ የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

እህት፦ አሁን ወደ ዓሣ ነባሪ እንሂድ። ርዝመቱን ስነግራቸው አልገባቸውም ነበር። ሜዳ ላይ ወጥተን 30 ሜትር ገመድ ዘረጋን፤ ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ የሚደርስበትን ያህል። ልጆቹ ራስና እግር እየገጠሙ ተኙበት፤ ግማሹ ክፍል ገባበት። ዘበኛው ሳይቀሩ መጥተው በእርምጃ ለኩት። ከዚያ አንዱ ልጅ ቀና ብሎ «ኢትዮጵያ መጥቶ ያውቃል?» አለ።

ወንድም፦ በጣም ቀርቦ ነበር! በኬንያ፣ ኦሞ ወንዛችን በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1964 የዓሣ ነባሪ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። የ17 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ቦታው ከዛሬው የባሕር ዳርቻ 740 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በዚያ ዘመን መሬቱ ዝቅ ያለ ነበርና ከውቅያኖስ በትልቅ ወንዝ ሽቅብ የመጣ ነው ብለው ያስባሉ። ምሥራቅ አፍሪካ ከፍ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

እህት፦ ዓሣ ነባሪ እንኳ መንገድ ስቶ ደጃችን ደርሷል ማለት ነው።

ወንድም፦ ከእሱም የባሰ አለ፤ ደጃችን ራሱ ባሕር ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን ሸለቆ ስትወርጂ ላዩ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው። ዝቅ ስትዪ ነጣ ያለ፣ ድርብርብ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። እሱ የባሕር ወለል ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩ በባሕር ተሸፍኖ ሳለ የዛጎል ለበስ እንስሳት ቅሪትና የኖራ ጭቃ እየተደራረበ ነው የሠራው። በመቀሌ ዙሪያም አለ። ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ የምድር ጥናት ባለሙያ ከእንግሊዙ ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲዘምት አይቶት በዚያው ባለችው በሕንጣሎ ስም ጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ። ዛሬም በዓለም ሁሉ በዚሁ ስም ነው የሚታወቀው። ሙገር ላይ ሲሚንቶ የሚሠራበት ድንጋይም የዚያው ባሕር ነው።

እህት፦ ቆይ፣ ቆይ። የክፍሌ ግድግዳ የሙገር ሲሚንቶ ከሆነ…

ወንድም፦ ከፊሉ የባሕር እንስሳ ነው ብትያቸው አልዋሸሽም። አፋርን ከጨመርሽበት ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ዳናኪል ዝቅታ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ኮራሉ ዛሬ በረሃ ላይ ደርቆ ቆሟል። አሞሌ የሚቆረጥበት ጨው ባሕር ገብቶ ሲደርቅ የቀረ ነው።

እህት፦ ይህን በእጃቸው የሚነኩት እንዴት ነው?

ወንድም፦ ከዓባይ ሸለቆ ያመጣሁት ድንጋይ ቤቴ አለ፤ የዛጎል ቅርጽ በግልጽ ይታይበታል። አንድ ጥቁር ድንጋይ ከጎኑ አስቀምጪና በሁለቱም ላይ አቼቶ ጠብ አድርጊ። የኖራው አረፋ ያወጣል፣ ጥቁሩ ዝም ይላል። የእንቁላል ቅርፊትም እንዲሁ ያደርጋል። በእማማ ዛጎል ላይ ብቻ እንዳይሞክሩት፤ ያበላሸዋል።

እህት፦ አቼቶው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። አሁን አንተን የምጠይቅህ አለኝ። ርእሰ መምህሩ ይህ ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ጊዜ ይወስዳል ቢሉኝ ምን ልበል? ከማንበብና ከመጻፍ ይሻማል ይሉኛል።

ወንድም፦ ደብተሩን አሳዪያቸው። የጻፉት እነማን ናቸው?

እህት፦ መጀመሪያ እኔ ነበርኩ። አሁን ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ጥያቄያቸው እንዳይረሳ ስለሚፈሩ። «ኦክቶፐስ» የሚለውን ቃል ፊደል ሳይስት የሚጽፍ ልጅ አለ፣ የራሱን የአያቱን ስም ግን ገና ይሳሳታል።

ወንድም፦ ያ ይበቃሻል። እኔ ደግሞ ስለ ዩጂኒ ክላርክ እነግራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ኒው ዮርክ የተወለደች ሴት ናት። አባቷ በልጅነቷ ሞቱ፤ እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ ሲሸጡ እሷን በአቅራቢያው በነበረው የዓሣ መመልከቻ ቤት ያስቀምጧት ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ሥራ እስኪጨርሱ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ትውላለች፤ ማንም አላስተማራት፣ ማንም ደግሞ በቃሽ አላላት። በኋላ ግብፅ ድረስ መጥታ የቀይ ባሕርን ዓሦች አጠናች፤ በሻርክ ጥናት በዓለም ስሟ የታወቀ ሆነች። በቀይ ባሕር የምትኖር አንዲት ጠፍጣፋ ዓሣ ከክንፎቿ ሥር ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ታወጣለች። ክላርክ ይህች ዓሣ ለሻርክ ስትሰጥ ምን እንደሚሆን ፈተነች። ሻርኩ ሊነክሳት አፉን ከፍቶ፣ መንጋጋውን መዝጋት አቅቶት ራሱን እያወዛወዘ ሸሸ። ዘጠና ዓመት ካለፋት በኋላም ትጠልቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አረፈች።

እህት፦ «ማንም በቃሽ አላላት» ነው ያልከው። ይህችን ቃል ለርእሰ መምህሩ እነግራቸዋለሁ። አንድ የቀረ ጥያቄ አለኝ፤ ራሴን ያስጨነቀኝ። «ዓሣውን ስንቆርጠው ያመዋል?»

ወንድም፦ የሞተውን አያመውም። በሕይወት ያለውን ግን ቀላል አድርገን ማለፍ የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2003 በስኮትላንድ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ትራውት በሚባለው ዓሣ ከንፈርና ፊት ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አገኙ፤ ከንፈሩ ሲጎዳ ምግብ ይተዋል፣ ከንፈሩን ጠጠር ላይ ይፈትጋል። ሕመሙ በዓሣው ዘንድ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይንቲስቶች እስካሁን ይከራከራሉ። ለልጆቹ ይህንኑ በይ፤ ትልልቅ ሰዎችም እየተከራከሩበት ነው በያቸው።

እህት፦ ስለዚህ ሕያው ዓሣ ክፍል ውስጥ አናመጣም።

ወንድም፦ በባልዲ አምጥቼ ሲዋኝ ቢያዩት ብዬ አስቤ ነበር።

እህት፦ ከዚያስ? ያ ሁሉ ልጅ ተሰብስቦበት፣ እጁን እየነከረበት? አይሆንም። ስለ ሕመሙ ከጠየቁኝ በኋላ ያን ካደረግኩ ጥያቄያቸውን አልሰማሁትም ማለት ነው። ገበያ ላይ የሞተውን ገዝተን እናያለን፤ በዘይት ጠብሰን ደግሞ ለሚበላው እናበላለን፣ እንዲሁ አይጣልም። የሚዋኘውን ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ባቱ ሐይቅ ዳር ወስደን እናሳያቸዋለን፤ ወላጆቹን እኔ አነጋግራለሁ፣ አጥማጆቹን አንተ።

ወንድም፦ አጥማጆቹን አውቃቸዋለሁ፤ ጠዋት መረባቸውን ሲያወጡ እንድንደርስ በሌሊት መነሳት አለብን። ክፍልሽስ መቼ ልምጣ?

እህት፦ ማክሰኞ፣ ከእረፍት በፊት። ድንቹን ከልጆቹ ጋር ቀድመን እንነክረዋለን። አንተ ድንጋዩንና ዓሣውን ይዘህ ና፤ ቢላውን ግን በጨርቅ ጠቅልለህ ቦርሳህ ውስጥ አድርገው። ስትገባ ወንበር ላይ ሳይሆን ምንጣፉ ላይ ከእነሱ ጋር ተቀመጥ። መጀመሪያ የሚጠይቅህ ያ አንገቱን የደፋው ልጅ ነው፤ አደራ፣ ጥያቄውን እስኪጨርስ መልሱን እንዳትጀምር።